ቤትና ፀሐይ ብቻ የሚስል አባት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ 38 ዓመቴ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ ወረቀትና ከለር ይዛ ትመጣና ‹አባዬ፣ የሆነ ነገር ሳልልኝ› ትለኛለች። ቤት፣ ፀሐይና ዛፍ እስላለሁ። ‹ሌላስ?› ስትለኝ እጄ ይቆማል፤ ልጄ ፊት አፍራለሁ። ልጅ ሳለሁ በሽቦ መኪና ሥራ ሰፈር ውስጥ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ‹ለምን? ለምን?› እያልኩም እናቴን አሰለች ነበር። አሁን ምንም ነገር ‹ለምን› አያሰኘኝም። ይሄ ነገር ይመለሳል ወይስ በቃ ዕድሜ ነው? የሥዕል ኮርስ ልመዝገብ ነው ብላት ባለቤቴ ሳቀችብኝ።»

መልስ፦ ይመለሳል። ዕድሜም አይደለም። ግን መልሴን ከማርዘሜ በፊት አንድ ነገር እናጣራ።

«ምንም ነገር ለምን አያሰኘኝም» ያሉኝ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው አብዛኛው ደመወዝተኛ የሚያውቀው ድርቀት ነው፤ ሥራው፣ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ጨዋታን ገፍቶ አስወጥቶታል፤ ቢሆንም ቡናው ይጣፍጣል፣ ኳስ ሲታይ ደም ይሞቃል። ሁለተኛው ቡናውም፣ ኳሱም፣ ልጅቷም ደስ የማይሉበት ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚያስደስትዎ ነገር ከጠፋ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ሰውነትዎ ያለ ምክንያት ከዛለ፣ ይህ የፈጠራ ጉዳይ ሳይሆን የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይዩ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው፤ እዚያ መታየት ጨጓራን እንደመታየት ነው። ከጥያቄዎ እንደምረዳው የእርስዎ የመጀመሪያው ይመስላል፤ የልጅዎ «ሌላስ?» እንዲህ የሚከነክነው ሰው ሁሉ ነገር የሰለቸው ሰው አይደለም። ስለዚህ የቀረውን የምጽፈው በዚያ ግምት ነው።

ወደ ሽቦ መኪናዎ ልምጣ። ማንም ትልቅ ሰው ያላስተማረዎትን ሥራ ነበር የሚሠሩት። ሽቦው ከወደቀ አጥር ይለቀማል። ጎማው ከተበጠሰ ሸበጥ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሸበጥ ከጠፋ ቆርኪ አለ። መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ደረት ይደርሳል። የፊት ጎማዎቹ ከመሪው ጋር አብረው እንዲዞሩ ሽቦው የት ላይ መታጠፍ እንዳለበት የሚታወቀው ደጋግሞ ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ሲሰበር ደግሞ ማንም አያለቅስም፣ ይፈታና እንደገና ይጠመዘዛል። ያኔ የተበጠሰ ሸበጥ ሲያዩ አራት ጎማ ይታይዎት ነበር። ዛሬ የሚታይዎት የተበጠሰ ሸበጥ ነው፤ ምናልባትም የአዲሱ ዋጋ።

ይህ ለውጥ ተጠንቷል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ዱንከር፣ እ.ኤ.አ. በ1945 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛ በታተመ ሥራው ላይ ያቀረበው አንድ የታወቀ ፈተና አለ። ሻማ፣ ክብሪትና አንድ ሳጥን ሙሉ ፒን ተሰጥቶዎታል፤ ሻማውን ግድግዳው ላይ ያቁሙ። መላው ፒኖቹን ደፍቶ ባዶውን ሳጥን ግድግዳው ላይ መስካትና ሻማውን እላዩ ላይ ማቆም ነው። ብዙ ሰው ግን ሳጥኑን ከፒን መያዣነት አልፎ አያየውም። ተመራማሪዎቹ ቲም ጀርመንና ግሬታ ዴፌይተር ደግሞ በ2000 ተመሳሳይ ነገር ለልጆች አቀረቡ፤ አንድ አሻንጉሊት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ እንዲደርስ ሳጥኑን ገልብጦ መወጣጫ ማድረግ ነበር። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ሳጥኑን አስቀድመው ዕቃ መያዣ ሆኖ ካዩት መላውን ለማግኘት ዘገዩ። አምስት ዓመቶቹን ግን ምንም አላገዳቸውም።

ልብ ይበሉ፤ ልጅ በአምስትና በስድስት ዓመት መካከል አይደነዝዝም። እንዲያውም ዐወቀ፤ ሳጥን ለምን እንደሚሠራ ዐወቀ። እርስዎም ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕቃ ሁሉ «ለምን እንደሆነ» ሲማሩ ኖረዋል፤ ይህ ደግሞ ጥፋት አይደለም። በየማነቃቂያ ንግግሩ «ሕፃናት 98 በመቶ ሊቆች ናቸው፣ አዋቂዎች 2 በመቶ» የምትል ወሬ ትዞራለች። እኔ በሥራዬ አልጠቀምባትም፤ ሰውን ታስደነግጣለች እንጂ የምታስይዘው ነገር የለም። በሥነ ልቦና ጥናት አንድ ሐሳብ ፈጠራ የሚባለው አዲስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለታሰበለት ነገር መሥራትም አለበት። በዚህኛው ልጆች ደካሞች ናቸው። ልጅዎ ጨረቃን በጄሪካን ውሃ አጥባ ልታደርቃት ትችላለች፤ ያምራል፣ ግን አይሠራም። እርስዎ የሚሠራውን ከማይሠራው ይለያሉ፤ ያ ሀብትዎ ነውና እንዳይጥሉት።

ታዲያ ያደረቀዎ ዕውቀቱ ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ ዳኛው ነው እላለሁ። ከዕውቀቱ ጋር አብሮ የገባው፣ እርሳስ ገና ወረቀት ሳይነካ ውጤት የሚሰጠው።

በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በማርከር መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን «ከሳላችሁ ሪባንና ወርቃማ ማኅተም ያለው ምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ምንም ሳይነገረው ሳለ፤ ሽልማቱ በኋላ በድንገት ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሰነባብተው ማርከሮቹን ክፍል ውስጥ ትተው ማን በፈቃዱ እንደሚስል አዩ። ሽልማት ጠብቀው የሳሉት ልጆች ከሌሎቹ ግማሽ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው የሳሉት። ልጆቹን ማንም አልተቆጣቸውም፤ አልተቀጡም። ጨዋታው ደመወዝ ያለው ሥራ ሆነ፤ ደመወዙ ሲቀር ሥራው ቀረ።

እኛ ዘንድ ይህ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እስከ ጡረታ ይቀጥላል። ልጅ ሰርተፍኬት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ተማርክ?» አይደለም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። እንግዳ ፊት «ለምን?» ያለ ልጅ በዓይን ይገሠጻል፤ ዝም ያለው ጨዋ ይባላል። ከዚያ ሥራ ይገባል፤ ስብሰባ ላይ ያልገባውን የጠየቀ «ይህንንም አያውቅም እንዴ?» እንዳይባል አንገቱን እየነቀነቀ ይወጣል። ይሉኝታ ክፉ ብቻ ነው አልልም፤ ጎረቤት ሲታመም እንድንጠይቅ፣ ለቅሶ እንድንደርስ የሚያደርገን እሱ ነው። ሥዕል ወረቀት ላይ ግን ምንም ሥራ የለውም። እርስዎ «ልጄ ፊት አፍራለሁ» ብለዋል። ልጅዎ ቆንጆ ሥዕል መቼ ጠየቀችዎ? «ሌላስ?» ነው ያለችው። ሌላ ነገር እንጂ የተሻለ ነገር አልፈለገችም። ቆንጆውን የጨመሩበት እርስዎ ነዎት።

የሽቦ መኪናዎን ማንም ከመቶ አላረመውም። ያ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ የምመክርዎ እንደ ልጅ መሆንን አይደለም፤ ትልቅ ሰው ልጅ ለመምሰል ሲሞክር ማየት ራሱ ያሳፍራል። የምመክርዎ በሳምንት ውስጥ ማንም የማይመዝነው፣ እርስዎም የማይመዝኑት ጥቂት ሰዓት ማበጀት ነው። ማንም የማይመዝነው ስል አዲሶቹን ዳኞችም ጨምሬ ነው። አንዱ የስልክ ካሜራ ነው፤ የተሳለው ሥዕል ቴሌግራም ላይ ለአክስት ሊላክ መሆኑ ሲታወቅ እጅ ይለወጣል። ሌላው፣ የባሰው፣ «ይሄ እኮ ይሸጣል!» የሚል ጓደኛ ነው። ኑሮ እንደሚታወቀው ነው፤ ትርፍ ገቢ ማሰብን አልነቅፍም። ግን ገና ያልበሰለን ጨዋታ ወደ ቢዝነስ ማዞር ያንን የሪባን ምስክር ወረቀት በገዛ እጅ መስጠት ነው።

አሁን «ለምን» ወደሚለው ልሂድ፤ እውነቱን ለመናገር ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

ጆርጅ ሎወንስታይን በ1994 ባቀረበው አስተሳሰብ መሠረት የማወቅ ጉጉት የሚነሣው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ያለውን ክፍተት ስናይ ነው። ምንም የማናውቀው ነገር አያሳክከንም፤ ሁሉን ያወቅነው የመሰለንም እንደዚያው። መሐል ላይ ያለው ነው የሚያሳክከው። የእኛ ሰው ይህን በጨዋታ ያውቀዋል። «እንቆቅልህ?» ሲባሉ «ምን አውቅልህ!» ይላሉ፤ ይገምታሉ፤ ይሳሳታሉ፤ መላ ሲጠፋ «ሀገር ስጠኝ» ይባላሉ፤ ጎንደርን ሰጥተው፣ እምቢ ካለ ሐረርን ጨምረው መልሱን ይገዛሉ። ሀገር እስከመስጠት የሚያደርስ አለማወቅ! የሚያፍር ግን የለም፤ ሀገር የተቀበለውም ጌታ ሆኖ «እዚያ ሀገር ሄጄ...» እያለ እየቀለደብዎ ነው መልሱን የሚነግርዎ። ትልቅ ሰው ሲሆኑ ሀገር መስጠቱን አቆሙ። «አላውቅም» ማለት ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ልጅዎን ይዘው ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። ለአሳ አይደለም፤ ወይም አሳው ከተበላ በኋላ። ጀልባዎቹ ገብተው ልጆች አሳ የሚበልቱበት ቦታ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው አንጀት እስኪጣልላቸው ሲጠብቁ ያገኟቸዋል። ሐዋሳ የኖረ ሰው አባ ኮዳን ሺህ ጊዜ አይቷል፤ ማለትም አላየውም። ያንን መላጣ ራስና ከአንገቱ የሚንጠለጠለውን ከረጢት ለጊዜው ይተዉትና እግሩን ይዩ። ኖራ የተቀባ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ነጩ ወጥ አይደለም፤ ቦታ ቦታ ተላጧል፣ ቦታ ቦታ ወፍሮ ተጋግሯል፣ በተላጠው በኩል ከሥሩ ጠቆር ያለ እግር ይታያል። እንግዲህ ነጩ ቀለም ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። መጀመሪያ እርስዎም ልጅዎም ግምት ይስጡ። የሐይቁ ጭቃ ደርቆ ነው? በሽታ ነው? አመድ ላይ ቆሞ ነው? እርስ በርስ ተከራከሩ። አሳ የሚበልተውን ልጅ ጠይቁ፤ ከእናንተ ይልቅ ከወፎቹ ጋር ይውላል። ከዚያ በኋላ መልሱ ይምጣ፦ ኩሱ ነው። አባ ኮዳ ሲሞቀው እግሩ ላይ ይኮሳል፤ ፈሳሹ ሲተን እግሩ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ያቀዘቅዝለታል። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ ዝም የምትል ከሆነ እኔ ሙያዬን እለውጣለሁ። ደግሞም መልሱ ሌላ ጥያቄ ወልዷል፤ እንዲህ ከሆነ ጠዋት ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ ነው ማለት ነው የሚብሰው? ያ ከረጢትስ ምግብ ማስቀመጫ ነው? (አይደለም፤ አየር ነው ያለበት።)

ዘወር ብለው ደግሞ ሐይቁን ይዩት። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በዓይን የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ከእኛ ወደ ሰሜን ያሉት ሻላና አብያታም መውጫ የላቸውም፤ እነሱ ግን በጨውና በሶዳ የተሞሉ ናቸው። ፀሐይ ውሃውን ብቻ ወስዳ ጨውን ስለምትተው መሆን ያለበትም እንደዚያ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ጨው አይደለም፤ ቆሮሶና አምባዛ ይኖርበታል። ጨው የት ሄደ? የውሃ ሊቃውንት የሚሰጡት ማብራሪያ ሐይቁ ከመሬት በታች ሰርጎ ይወጣል የሚል ነው። ዳር ዳሩን እየተንሸራሸሩ ስንት ዓመት ኖረዋል? ይህንን ግን መች ጠየቁ? ይህ ወቀሳ አይደለም፤ እኔም የዚሁ ከተማ ሰው ነኝ።

ይህ ግምት ያልኩት ነገር ትንሽ አይምሰልዎ። ማቲያስ ግሩበርና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች መልሱን በጣም ማወቅ የፈለጉትን ጥያቄ መልስ የበለጠ አስታውሰዋል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው መልሱን እየጠበቁ ሳሉ በመሐል የታያቸውን፣ ከጥያቄው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የሰው ፊት እንኳ የተሻለ አስታወሱ። የሚጠቅመው ጥበቃው ራሱ ነው። ጉግል ያንን ጥበቃ ወደ ሁለት ሰከንድ አወረደው። ስልክ ይጣል የምል ሰው አይደለሁም፤ ሕጌ አንድ ነው፦ ከመፈለግዎ በፊት ይገምቱ፣ ግምትዎንም ጮክ ብለው ይናገሩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ከልጅዎ ጋር ሲቀመጡ አስተማሪነቱን ይተዉት። ኤሊዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ በ2011 የተለያየ ነገር የሚሠራ አሻንጉሊት ለልጆች ሰጡ። አንዱን ነገር ብቻ አሳይተው «እንዲህ ነው የሚሠራው» ያሏቸው ልጆች ያንኑ ሲደጋግሙ ሌላውን ሳያገኙ ቀሩ፤ በአጋጣሚ እንደታየ ሆኖ የቀረበላቸው ግን ጎርጉረው ቀሪውን አገኙ። ላም እንዴት እንደሚሳል ልጅዎን ቢያሳዩዋት አንድ ላም ታገኛለች። ለራስዎም እንዲሁ ነው፤ የሽቦ መኪና አሠራር በዩቲዩብ አይዩ። ሽቦና ፒንሳ ይግዙ፣ ከልጅዎ ጋር መሬት ላይ ይቀመጡ፣ ጎማውን እሷ ትምረጥ። የፊት ጎማው አልዞር ካለ እንኳን ደስ ያለዎ፣ ጨዋታው ተጀመረ።

ማታ ማታ የሥዕሉን ነገር እንዲህ ያድርጉት፤ እሷ አንድ መስመር ትስመር፣ እርስዎ ይቀጥሉ፣ እንደገና እሷ። ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ አትስማሙ። ላም ሆኖ ጀምሮ ባጃጅ ቢሆን ባጃጅ ነው። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሲያልቅ ፎቶ አይነሣም፣ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ልለጥፈው ካለች ግን ቤቱ የእሷም ነው።

ሌላ ጨዋታ ከፈለጉ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆይ ፖል ጊልፎርድ ለፈጠራ ፈተና ያዘጋጀውን ለእራት ሰዓት ይጠቀሙበት፤ አንድ ተራ ዕቃ ይመረጥና እየተፈራረቁ ጥቅሙን መጥራት። ጄሪካን እንበል። ውሃ መቅጃ፣ ዘይት ማስቀመጫ፣ ችግኝ ማፍያ፣ ወንበር... የመጀመሪያዎቹ ሁሉ የሰፈር ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፤ አሰልቺ ቢሆኑ አይገረሙ። ሐሳብ አለቀ ብለው ሊያቆሙ ሲሉ ነው ደህናው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ጥቂት ይግፉ። «እሱማ አይሆንም» ያለ ሰው ሀገር ይስጥ።

ዳሪያ ዛቤሊናና ማይክል ሮቢንሰን ደግሞ በ2010 ባወጡት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ቀኑ ሙሉ የእናንተ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው አጻፏቸው። ለግማሾቹ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ሰባት ዓመታችሁ ነው።» ከዚያ በተሰጠው የፈጠራ ፈተና ላይ ሰባት ዓመታቸው የሆኑት የተሻለ አዲስ ነገር አመጡ። ተማሪዎቹ ያው ናቸው፤ ዳኛው ነው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍል የወጣው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማነበው። ማታ ከመሳልዎ በፊት ይሞክሩት።

ከሥራ ሲወጡ ደግሞ አንዳንዴ ባጃጁን ይተዉትና በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግርዎ ይሂዱ። ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ በ2014 እንዳሳዩት ሰው ሲራመድ የሚያፈልቀው አዲስ ሐሳብ ከመቀመጡ ጊዜ በአማካይ 60 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ ግን መራመድ አልረዳም፤ ስለዚህ ሂሳብዎን ቁጭ ብለው ይዝጉ። በሂሳብ ሥራ ላይ ፈጠራ ሲበዛ የሚመጣው ኦዲተር ነውና እዚያ ጨዋታ አልመክርም። ቢሮ ውስጥ ማድረግ የሚችሉት ሌላ ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁሉም የለመደውን አንድ ነገር ይምረጡና ለሚያውቀው ሰው «ይሄ ቅጽ በሦስት ኮፒ የሚሞላው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አጠያየቅዎ የመርማሪ እንዳይመስል እንጂ ብዙ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ባለቤትዎ ሳቀች ብለው ቅር አይበሉ። ልጅ ሆና ሱዚ ነበር የምትዘለው ወይስ ሰኞ ማክሰኞ? እቃቃ ስትጫወት ወጡን ከምን ነበር የምትሠራው? ይጠይቋት። አንድ ማታ የመስመሩ ተራ ለእሷም ይድረስ።

ኮርሱን በተመለከተ፣ አሁን አይመዝገቡ እላለሁ። ገንዘብዎን ለመቆጠብ አይደለም። ዳኛው ገና ወንበሩ ላይ ስለተቀመጠ ኮርሱ ለእሱ ተጨማሪ መመዘኛ ያቀብለዋል። ሁለት ሦስት ወር ያለ ውጤት ይጫወቱ፤ ከዚያ በኋላ እጅዎ ራሱ «ይህንን ጥላ እንዴት ነው የማወጣው?» ብሎ ከጠየቀ ይመዝገቡ፤ ያኔ ክህሎት የሚማሩት ለሚፈልጉት ነገር ይሆናል። ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው እንዲያዩ ይጠይቁ። አስተማሪው ከተማሪው እጅ እርሳሱን ተቀብሎ ሥዕሉን ራሱ የሚያርም ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።